ያልደረሰው ስንዴ

የመስከረም መጨረሻ ነበር። ስምሪት ክፍሉ እንግዳ ይዤ ከደሴ ወደ ሐይቅ እንድወጣ አዘዘኝ። እንግዳው ከአዲስ አበባ የመጡ ኃላፊ ናቸው። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስብሰባቸው ደግሞ ከሰዓት። «ቀስ ብለህ ንዳ፣ አገሩን ልይ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ያን መንገድ እወደዋለሁ።

ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ገብሱ፣ ባቄላው፣ ስንዴው በየማሳው ተዘርግቷል። ድንበሩ ላይ አደይ ፈክቷል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ለሃይማኖት ጉባኤ የተሰበሰቡት እዚህ ነው አልኳቸው። «ጎበዝ ልጅ ነህ» አሉ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው።

ትንሽ እንደሄድን አንድ ማሳ አሳዩኝ።

«እየው፣ ስንዴው እንዴት ደርሷል! ወርቅ እኮ ነው የሚመስለው!»

ሐምሌ የተዘራ የደጋ ስንዴ በመስከረም አይደርስም። እሸት እንኳ በቅጡ አልያዘም። በዙሪያው ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው።

«አልደረሰም ጌታዬ። በሽታ ነው፤ ዋግ መትቶት ነው።»

«አንተ መንገድህን እይ። እኛም እኮ ግብርና ነው የተማርነው።»

ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለ ንጉሥ ሳወራ ጎበዝ ነኝ፤ ስለ ስንዴ ሳወራ ሹፌር ነኝ። የኩታበር ገበሬ ልጅ ነኝ እኮ። በ2003 መኸር ቢጫ ዋግ በብዙ ቦታ ስንዴ ሲፈጅ ኩብሳ የሚባለው የአባቴ የስንዴ ዝርያም አብሮ ሄደ። አባቴም መጀመሪያ «ዘንድሮ ቶሎ ደረሰልን» ብሎ ነበር። ሲወቃ ፍሬው ተጨማዶ ከገለባው አይለይም።

ስንመለስ እንግዳው ስልክ ያወራሉ። ማሳው ጋ ስንደርስ ዳር ይዤ አቆምኩና ወረድኩ። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት መስመር መስመር ሠርቷል። ሳሸው ጣቴ እርድ የነካ መሰለ። ባለ ማሳው ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«አባባ፣ ይሄ ነገር መቼ ጀመረው?»

«ሳምንቱ ነው ልጄ። ፀሐዩ መስሎኝ።»

ጣቴን አሳየኋቸው። እሳቸውም አሹት፤ ጋቢያቸው ላይ ጠረጉት፤ ቢጫው ቀረ።

«ዋግ ነው። ነፋስ ይወስደዋል። የጎረቤትዎ ገና አረንጓዴ ነው፣ መድኃኒት ቶሎ ከተረጨ ይተርፋል። ዛሬውኑ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይንገሩ።»

«የኔስ?»

መልስ አጣሁ። ማሳውን እያየሁ ቆምኩ። እሳቸው ናቸው ትከሻዬን መታ መታ ያደረጉኝ።

«አብሽር ልጄ፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ።

በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። «እንግዳ ይዞ ያለ ፈቃድ 20 ደቂቃ መቆም» ይላል። ፈረምኩ። ማስፈቀድ ነበረብኝ፣ እሱ እውነት ነው። ባስፈቅድ ግን ይፈቅዱልኝ ነበር? አይመስለኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባዶ መኪና ይዤ በዚያው አለፍኩ። የጎረቤቱ ስንዴ አረንጓዴ ነው፣ ራሱን ይዟል። የሽማግሌው ለከብት ታጭዷል። አቆምኩና ወረድኩ።