ለሎው ብራስ መምህርነት የሚዘጋጅ ሰው ማወቅ ያለበት

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሎው ብራስ የሚባሉትን ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ማለትም ትሮምቦንን፣ ዩፎኒየምንና ቱባን የሚያስተምረው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው በጥልቀት የተማረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹን «ያው ብራስ ነው» ብሎ ካስተማረ ተማሪዎቹን ይጎዳል።

ከትሮምቦን የመጣ መምህር ቱባ ላይ መጀመሪያ የሚሳሳተው በትንፋሽ ነው። ቱባ ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት ይፈልጋል። መምህሩ የለመደውን ጠበቅ ያለ አየር ሲያስተምር የተማሪው ድምፅ ይቀጥናል፤ የታችኞቹ ኖታዎችም ዘግይተው ይነሳሉ። የቅኝትም ነገር አለ። 1ኛና 3ኛ ቫልቭ (ሲጫን ቱቦውን የሚያስረዝም ቁልፍ) አብረው ሲጫኑ ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፤ የእያንዳንዱ ቫልቭ ቱቦ የተለካው ለብቻው ስለሆነ ሲደመሩ ርዝመታቸው አይበቃም። በእነሱ ፋንታ 4ኛውን፣ በ1፣ 2 እና 3 ፋንታ ደግሞ 2 እና 4ን መጫን ይሻላል።

ከቱባ የመጣው ደግሞ በትሮምቦን ስላይድ፣ ማለትም ድምፁን ለመቀየር ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተተው ቱቦ ይቸገራል። የኤፍ ቫልቭ ያለው ትሮምቦን ቫልቩ ሲጫን ቱቦው ስለሚረዝም በፖዚሽኖቹ (ስላይዱ በሚቆምባቸው ቦታዎች) መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ በ7 ፋንታ 6 ብቻ ይቀራሉ። ከታችኛው ሲ በግማሽ ድምፅ የምታንሰው ቢ የምትጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ባስ ትሮምቦን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቫልቭ የሚኖረው አንዱም ለዚህ ነው። ይህን የማያውቅ መምህር መሣሪያው ላይ የሌለችን ኖታ ተማሪው እንዲያወጣ ሲጨቀጭቅ ይውላል።

ለመምህርነቱ ሥራ ሲወዳደሩ የመጨረሻዎቹ ተወዳዳሪዎች ዩኒቨርሲቲው ድረስ ተጠርተው ኮንሰርት ያቀርባሉ፣ የማያውቋቸውን ተማሪዎችም ያስተምራሉ። ጎበዝ ተጫዋቾች የሚወድቁት በማስተማሩ ላይ ነው፤ ተማሪው ተጫውቶ ሲጨርስ የሰሙትን ጉድለት ሁሉ ይዘረዝሩለታል። አንዱን መርጦ ለውጡን እዚያው ማሰማት ይበልጣል። አርኖልድ ጃኮብስ ከ1944 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ሲምፎኒ ቱባ እየተጫወተ ሲያስተምር፣ ተማሪው ስለ ጡንቻው ሳይሆን ሊያወጣው ስለሚፈልገው ድምፅ እንዲያስብ ያደርግ ነበር። እኔም ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ከተቀጠሩ በኋላ መድረኩን መተው ግን ትልቅ ጥፋት ነው። በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ብዙ ጊዜ 3 ትሮምቦንና 1 ቱባ ብቻ ስላለ ቦታው የሚከፈተው አልፎ አልፎ ነው። ቱባ ብቻውን ጎልቶ እንዲጫወት የተጻፈ ሥራም ጥቂት ነው፤ የእንግሊዛዊው አቀናባሪ የቮን ዊልያምስ ኮንቸርቶ (ቱባ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ) እንኳ የመጣው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ መምህሩ ራሱ አቀናባሪዎችን ጠይቆ አዲስ ሥራ ማስጻፍ አለበት። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የቱባ ተጫዋች ሃርቪ ፊሊፕስ ብዙ ሥራዎችን ያስጻፈው እንዲህ ነው። የራስ ልምምድ ደግሞ ከመጀመሪያው ተማሪ በፊት ይያዝ፤ ቀኑን ሙሉ እያሳዩ ያስተማሩበት ከንፈር ማታ ላይ አይታዘዝም።