ከሮክ ባንድ ወደ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ

በአዲስ አበባ ክለቦች ለዓመታት ሮክ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር ተጫውቻለሁ። አሁን የምተዳደረው ለተከታታይ ድራማና ለፊልም ማጀቢያ በመሥራት ነው። እንዴት እንደገባሁበት የሚጠይቁኝ ወጣት ሙዚቀኞች ስለበዙ ነው ይህን የምጽፈው።

ያስገባኝ ኤዲተር (የተቀረጸውን ምስል ቆርጦ የሚያቀናብር ባለሙያ) ነው። ባንዳችንን ይከታተል ነበርና አጭር ፊልም ሰጥቶኝ «እስኪ ሞክረው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከዳይሬክተሮች ይልቅ ኤዲተሮች አጠገብ መቀመጥ ያዝኩ። ሙዚቃ የጎደለበትን ቦታ ቀድሞ የሚያየው ኤዲተሩ ነው፤ ለጊዜው ብሎ የሌላ ሰው ሙዚቃ የሚያስቀምጠውም እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ያንን ሙዚቃ ከለመደው በኋላ የራስህን ማስወደድ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ቀረጻው ሳያልቅ የራሴን ሐሳቦች ቀድሜ እልካለሁ።

ከሁሉ የከበደው ከንግግር ጋር መስማማት ነው። የንግግር ጥራት በአብዛኛው የሚገኘው ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ባለው የድምፅ ድግግሞሽ ክልል ነው፤ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) የተጨመረበት ጊታርም እዚያው ይጮኻል። ሁለቱ ሲገጥሙ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ይዋጣሉ፤ ተመልካቹም «ምን አለች?» እያለ ሪሞት ያነሳል። ያንን የጊታሩን ክልል ብቻ በኢኩዋላይዘር መቀነስ ይረዳል። የሚሻለው ግን ተዋናይዋ ስትናገር ጊታሩን ማሳረፍ ነው።

አንድ ትዕይንት ላንሳ። እናት ቤሩት ካለች ልጇ ጋር በስልክ እያወራች ነው። እናትየዋ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ትላታለች። ዳይሬክተሩ ማሲንቆ በትዝታ ቅኝት ፈልጎ ነበር። ትዝታ ግን አብሮን ስላደገ ጥቂት ኖታ ሲሰማ ሆዳችን ይባባል፤ እናትየዋ ለመደበቅ የምትታገለውን እንባ ሙዚቃው ቀድሞ ያወጣባታል። ስለዚህ እኔ ስልኩ እስኪዘጋ አንድ ዝቅ ያለ የቤዝ ድምፅ ብቻ አቆየሁ። ስልኩ ሲዘጋ በእግር እየተረገጠ ድምፅ በሚጨምርና በሚቀንስ ቮልዩም ፔዳል የክሩን ምት ሰውሬ ጊታሩን ቀስ እያልኩ አወጣሁት፤ እንደ ማሲንቆ ደጋን እየሳበ ይመጣል። ጥርጣሬ ላለበት ትዕይንት ደግሞ የአንቺ ሆዬን ቅኝት የሚተካው የለም። በግማሽ ድምፅ የሚጠጋጉት ኖታዎቹ ጆሮን አያሳርፉም።

ቴምፖ ላይም ሒሳብ አለ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚሄድ ቪዲዮ፣ በ120 ቴምፖ (በደቂቃ 120 ምት) አንድ ምት 12 ተኩል ፍሬም ይወስዳል፤ በ125 ግን ልክ 12። ምቱ ከምስሉ መቁረጫ ጋር እንዲገጥም ስፈልግ ከ125 እነሳለሁ።

ሁሉን ብቻዬን አልሠራም። የኦይንጎ ቦይንጎ ባንድ መሪ የነበረው አሜሪካዊው ዳኒ ኤልፍማን ወደ ፊልም ሲገባ የባንዱን ጊታሪስት ስቲቭ ባርቴክን ይዞ ነበር፤ ባርቴክም ሥራዎቹን ለኦርኬስትራ ሲያዘጋጅለት ኖሯል። ለእኔም ዛሬ ድረስ ሚክስ የሚሠራልኝ፣ ማለትም የመሣሪያዎቹን ድምፅ የሚያመጣጥንልኝ፣ የባንዳችን ቤዚስት ነው። ለዓመታት አብሮህ የተጫወተ ሰው ጆሮ በገንዘብ አይገኝም።

ስለ ፋይል አሰጣጥ ያስተማረኝ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር የጎረፈው ትርጉም ድራማ ነው። የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሙዚቃው ሳይነካ የሚቀጥለው ከንግግሩ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ነው። የእኛም ድራማ አንድ ቀን በሌላ ቋንቋ ይተረጎም ይሆናል ብዬ ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ጊታሩንና ክራሩን ለየብቻ አስረክባለሁ።

ውል ላይ ግን አልደራደርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ለፈጠረው ሰው መብት ይሰጣል፤ «ወንድሜ፣ እንተማመናለን» በሚል ቃል ሲታለፍ ግን ብዙ አይቻለሁ። ድራማው ዩቲዩብ ላይ ሲጫን፣ ለሌላ ጣቢያ ሲሸጥ፣ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲቀጥል ማን ምን እንደሚያገኝ ተጽፎ ሳይፈረም አንድም ኖታ አልቀርጽም።