ጸሎቴን በጀሪካን ውሃ የመለሰልኝ አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት ለመናገር ስለት አለብኝ። እግዚአብሔር በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል አማላጅነት ለቤቴ ያደረገውን ስሙልኝ፤ አብራችሁኝም አመስግኑ።

እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ መስታወት እናጸዳ ነበር። የመኖሪያ ቤት፣ የሱቅ፣ የካፌ፣ አንዳንዴም የፎቅ። ትልቅ ድርጅት እንዳይመስላችሁ። ሁለት መሰላል፣ ገመድና የደህንነት ቀበቶ፣ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ባለ ጎማ የመስታወት መጥረጊያ፣ በቃ ይኸው ነው። እሱ ከውጭ ይወጣል፣ እኔ ከውስጥ እሠራለሁ፤ ሒሳቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራ ሲበዛ ሁለት ወጣቶች በቀን ሒሳብ እንጠራለን። ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚህ ሥራ ነው። እወደዋለሁ። ቆሽሾ የጨለመ ሱቅ መስታወቱ ሲጸዳ ወዲያው ብርሃን ሲገባበት ማየት ደስ ይላል።

እናቴ ግን ድሬዳዋ ናት። እኔም ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው፤ የእኛም ቤት እንደ ብዙው የድሬ ቤት እንጀራው ከሐዲዱ የመጣ ነው። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እናቴን ስንት ጊዜ አዲስ አበባ ላምጣሽ ብያታለሁ። «አቦ ተዪኝ!» ነው መልሷ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ጎረቤቶቿ በሰው ትከሻ ተቀባብለው ያወጧት ሴት ናት። «ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጄን ይዞ ያተረፈኝን ሰፈር ትቼ የት እሄዳለሁ?» ትላለች። ምን ትመልሱላታላችሁ?

አንድ ቀን ጎረቤት ደወለች። እናቴ ግቢ ውስጥ አዳልጧት ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል። ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በኋላ ግን አጠገቧ ሰው ያስፈልጋል። የሚያነሳት፣ የሚያጥባት፣ የሚያስተኛት። ያለኋት ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ማታ ለባለቤቴ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ሳሰላስል እሱ ቀደመኝ። «እናትሽ እናቴ ናት። ልጆቹ ትምህርት እንደጨረሱ እንሄዳለን» አለኝ። እሱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ድሬን የሚያውቃት ለሠርጋችን መጥቶ ብቻ ነው። ይህን ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የወረቀቱን ነገር ልለፈው። ንግድ ፈቃድ መመለስ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የቀበሌ መሸኛ፣ የልጆች መልቀቂያ። አንዱ ቢሮ በተለይ «ነገ ተመለሱ» እያለ አጉላልቶናል፤ አለፈ። የከበደን ሌላ ነው። ቁም ሳጥን በመኪና ይጫናል፣ መሰላል ይጫናል። ደንበኛ ግን አይጫንም። ዓመታት ለፍተን ያፈራናቸውን፣ በስማችን የሚጠሩንን፣ ቁልፋቸውን አምነው የሚሰጡንን ሰዎች አንድ በአንድ እየደወልኩ ተሰናበትኳቸው። አንዲት እናት ስልኩ ላይ አለቀሱ።

ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ በአውቶቡስ ቀደመ። እኔ ከዕቃው ጋር በአይሱዙ ጋቢና ሆንኩ። መሰላሎቹ ከጎን በገመድ ታስረዋል። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዋሽን፣ ጭሮን፣ ሂርናን አልፈን ቁልቢ ስንደርስ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰና አማተበ። የሐምሌ ገብርኤል ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ከመኪናው አልወረድኩም። ወደ ኮረብታው ዞሬ ተሳለምኩና በልቤ እንዲህ አልኩ፦ «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት፣ ቂርቆስና ኢየሉጣን ከፈላ ውሃ ያወጣህ መልአክ፣ ሁለት ነገር ለምንልኝ። እናቴ በእግሯ ትቁም። ሥራችንም በድሬ አይሙት። ይህን ካየሁ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ በአደባባይም እመሰክራለሁ።»

ከዚያ የደንገጎን ቁልቁለት መውረድ ጀመርን። በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል። ድሬ ስንገባ ሹራቤን አውልቄ ዕቃው ላይ ወርውሬዋለሁ።

የመጀመሪያ ቀናት ተስፋ ሰጪ ነበሩ። ከዚራ ብትሉ፣ ሳቢያን ብትሉ፣ አዳዲስ ባለ መስታወት ሕንፃ አለ። አቧራውም አለ። ባለቤቴ እየዞረ ያይና «እዚህ ከተማ ሥራ አናጣም» ይላል። ብዙ ሳንቆይ የአንድ ሕንፃ ሥራ አስኪያጅ «የመሬቱን ወለል መስታወት ሠርታችሁ አሳዩኝ፤ ካማረኝ ሙሉውን በየወሩ ትሠራላችሁ» አለን። በደስታ ሄድን። አጠብን፣ በጎማው ሳብን፣ ጠርዙን በጨርቅ አደረቅን። አዲስ አበባ ውስጥ እንደምንሠራው፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ተጠንቅቀን። ከዚያ ፀሐይ ዞራ መታችው።

መስታወቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣበት። ከላይ እስከ ታች። ጎማው የተሳበበት መስመር ሁሉ በነጭ ተሰምሯል። ደግመን አጠብን፣ ያው ነው። ሰውየው መጥቶ አየና «ከመታጠቡ በፊት ይሻል ነበር» ብሎን ገባ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ባለቤቴ ባልዲውን አንስቶ አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ቤት ሄድን።

ነገሩ ይኸው ነው። የድሬ ውሃ ከመሬት ሥር ነው የሚወጣው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው ኖራውን ይዞ ይመጣል። የድሬ ሰው ይህን ከማንቆርቆሪያው ያውቀዋል፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ እናቴ በሎሚ ስትፈገፍገው ነው ያደግኩት። ውሃው መስታወት ላይ ሲደርቅ ኖራው እዚያው ይቀራል። በዚያ ላይ ፀሐዩ መስታወቱን ስለሚያግለው ጎማው ሳይደርስ ውሃው ይደርቃል። አቼቶ ስንጨምርበት የቆየውን ነጭ ያስለቅቅልናል፤ በመጨረሻ ስናለቀልቀው ግን ያው ውሃ ያንኑ ነጭ ይመልሰዋል። ሳሙና ቀያየርን፣ ጨርቅ ቀያየርን፣ ጋዜጣም ሞከርን። ሁለት ሱቅ ሠርተን ሁለቱም ገንዘቡን እየከፋቸው ከፈሉን፤ ዳግመኛ አልጠሩንም።

ያመጣነው ብር እያለቀ መጣ። የእናቴ መድኃኒት አለ፣ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም እየመጣ ነው። ባለቤቴ አንድ ማታ «የሰው ባጃጅ ተከራይቼ ልንዳ መሰለኝ፣ መሰላሉን እንሽጠው» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም።

በዚያ ሌሊት ሙቀቱ ስለከበደ ፍራሽ አውጥተን ግቢ ላይ ተኛን፤ በድሬ የተለመደ ነው። ሁሉም ሲተኛ ተነስቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ። ጸሎቴ ረጅም አልነበረም፤ አባታችን ሆይን ደግሜ ስጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። «ጌታዬ፣ አንተ ውሃን ወይን ያደረግህ ነህ። ለእኛ ወይን አይሁን። ንጹሕ ውሃ ብቻ ስጠን» አልኩ። እናቴ ከአልጋዋ ሰምታኝ ኖሯል። ጠዋት ስቀሰቅሳት «ሰምቶሻል፣ አታልቅሺ» ነው ያለችኝ። ከዚያ ዳዊቷን አቀብዪኝ አለችኝ።

አሁን የምነግራችሁን አስተውሉ። በዚያው ሳምንት የእናቴን መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ከፋርማሲው ጎን የመኪና ባትሪ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። እናቴን ስለሚያውቋት ቆሜ ሰላም አልኳቸው። ከፋርማሲው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ኤሲ ቀጭን ቱቦ ወርዳ እርሳቸው ባስቀመጡት ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ውሃ ታንጠባጥባለች። ጠብ... ጠብ... ጠብ። «አባባ፣ ይህን ምን ያደርጉበታል?» አልኳቸው።

«ለባትሪ ነዋ ልጄ። የቧንቧው ባትሪ ያበላሻል፣ ኖራ አለው። ይሄ ግን ከአየር የወረደ ነው፣ ምንም የለበትም።»

ሰውነቴን ነዘረኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዘው እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ከመሬት ስላልመጣ ኖራ አልነካውም። ለሽማግሌው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሥራችንን፣ ነጠብጣቡን፣ የሌሊቱን ጸሎት ሳይቀር። ዝም ብለው ሰሙኝና ጀሪካኑን አንስተው እጄ ላይ አኖሩት። ገንዘብ ላወጣ ስል «ተይ! አላህ ለአንቺ ያጠራቀመው ነው፣ እኔ ጠባቂ ነበርኩ» አሉኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ አላመነኝም። የመኝታ ቤታችንን መስኮት በቧንቧ ውሃና በሳሙና አጠብነው። የቆየውን ነጭ በአቼቶ አስለቀቅነው። በመጨረሻ ከጀሪካኑ በትንሽ መርጫ እየረጨን አለቀለቅነው፣ ጎማውን ሳብንበት። ከዚያ ቁጭ ብለን ፀሐይዋን ጠበቅን። መጣች፣ መታችው፣ አንድ ነጥብ አልወጣም። ባለቤቴ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆየ። ሲያለቅስ ሳየው በትዳራችን ሁለተኛዬ ነው።

ለምኜ የነበረው ትልቅ ውል ነበር። በሩ በአንድ ጊዜ እንዲከፈት። እርሱ ግን ጠብታ በጠብታ የሚሞላ ጀሪካን አሳየኝ፣ ያውም በሌላ ሃይማኖት ሽማግሌ እጅ። ከዚህ በላይ መልስ አልፈልግም።

ያንን ሥራ አስኪያጅ «አንድ መስታወት በነፃ እንሥራልህ» ብለን ለመንነው። እሺ አለ። የራሱን ቢሮ መስኮት ሠራን፤ ማግስቱን ስልክ ደወለ። ዛሬ ሙሉ ሕንፃውን በየወሩ የምንሠራው እኛ ነን። ከዚያ አንዱ ለአንዱ እየነገረ ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ካፌ መጣ። የአልሙኒየምና የመስታወት ሥራ ቤቶችም አዲስ ሕንፃ ሲያስረክቡ የሲሚንቶና የቀለም ፍንጣሪ በምላጭ እንድናነሳላቸው ይጠሩናል። ሰዓታችንንም ቀየርን። ጠዋት 12 ሰዓት መሰላሉ ይቆማል፣ ፀሐዩ ሳይከር 4 ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ የቀረው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። በየደንበኛው ኤሲ ሥር ጀሪካናችን ተቀምጧል። ይህን ሥራ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ አቼቶውን እብነ በረድ ላይ አታፍስሱ፣ ይበላዋል። የመስኮቱ ደፍ እብነ በረድ ከሆነ ጨርቅ አንጥፉበት።

እናቴስ? መጀመሪያ በሰው ትከሻ ነበር የምትነሳው። ከዚያ በብረት መደገፊያ። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ቡና ላፈላ ረከቦቱን ሳቀርብ ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ጀበናው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እልል አልኩ፤ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ መጣ። ያን ቀን ቡናው ሦስት ጊዜ ነው የተፈላው፣ ፈጢራው ከየቤቱ መጣ።

ታኅሣሥ 19 ጃንጥላዬን ይዤ ቁልቢ ወጣሁ። ሕዝቡን ያየ ያውቀዋል፤ መንቀሳቀሻ የለም። ከአጠገቤ አንዲት ሴት በስለት ያገኘችውን ልጅ አዝላ ታለቅሳለች፣ እኔም ከእሷ ጋር አለቀስኩ። ጃንጥላውን አስረከብኩ፤ ይኸው ዛሬ ደግሞ የቀረውን ስለት፣ ምስክርነቱን አደረስኩ።

አሁንም የምንለምነው አለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ድሬ ቀዝቀዝ ስትል ኤሲ ይዘጋል፣ የእኛም ውሃ ይቀንሳል። በእነዚያ ወራት የባትሪ ውሃ እየገዛን ነው የምንሠራው፣ ውድ ነው። የራሳችንን ውሃ ማጣሪያ ለመግዛት ዕቁብ ጀምረናል። እናቴ ደረጃ መውጣት ገና አልቻለችም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ሁለት ሰው ይደግፋታል። እነዚህን ሁለቱን በጸሎታችሁ አስቡልን። ያን ሽማግሌም አስቧቸው፤ ሰሞኑን ዓይናቸውን አሟቸዋል።