ሞተሩን ስፈራ ላሜራው በላኝ

እኔ እንጀራዬ የጀልባ ሞተር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚመላለሱት ጀልባዎች ሲታመሙ ብዙዎቹ እኔ ጋ ይመጣሉ። ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ሁለት ቀን ያደረ ሞተር አስነስቼ አውቃለሁ። አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ሁሌ የምነግራቸው ነገር አለ። ሞተር ውሃ ውስጥ ከወደቀ፣ ለመፍታት ሳትዘጋጅ አታውጣው። አውጥተህ ፀሐይ ላይ ካስቀመጥከው ዝገቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። መፍቻህንና ናፍጣህን መጀመሪያ አሰናዳ፣ ከዚያ አውጣው።

ጉራ እየነዛሁ አይደለም። ጉድ የሠራኝ ይኸው እውቀቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ የጨረታ ማስታወቂያ አየሁ። ሻጩን አልጠራውም፣ አትጠይቁኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ፒክአፕ፣ አንድ የውሃ ፓምፕ፣ የቢሮ ወንበሮች ነበሩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "ፊያት 124 ስፖርት፣ ባለ ሁለት በር፣ የማይንቀሳቀስ፣ ባለበት ሁኔታ።"

ልቤ ዘለለች። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ጋራዥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ፎቶዋ ነበረች። ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ። የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና የሠራት፣ አራቱም ጎማዋ ላይ ዲስክ ፍሬን ያላት፣ የመጀመሪያዎቹ 1,438 ሲሲ ሞተር የነበራቸው መኪና ናት። ሞተሯ አናት ላይ ሁለት ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች፣ አሉ፤ የሚያዞራቸው ካቴና ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። በዚያን ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ጨረታው የታሸገ ኤንቨሎፕ ነው። ሲፒኦ፣ ማለትም የባንክ ክፍያ ማዘዣ፣ ታስይዛለህ፤ አሸንፈህ አልከፍልም ካልክ ሲፒኦህ ይቀራል። ንብረቱን ለማየት የተሰጠው ሁለት ቀን ነው፣ በሥራ ሰዓት ብቻ። መኪናዋ ያለችው በጣና ምሥራቅ ዳር፣ ወደ ፎገራ በሚወስደው በኩል፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ።

ጥበቃው ሸራውን ገለጠልን። ቀይ ናት፤ ፀሐይ በልቷት የበሰለ ቲማቲም መስላለች። ታጥባለች። ውስጧ በኦሞ ተፈትጎ ሽቶ ተነፍቶበታል። ባለቤቴ አንገቷን በመስኮት አስገባችና "መኪና ናት ወይስ ሙሽራ?" አለች።

እዚያች ላይ መቆም ነበረብኝ። የማይንቀሳቀስ መኪና ውስጡን ማን ያጥባል? ለምን?

እኔ ግን ኮፈኑን ከፍቻለሁ። የዘይቱን መለኪያ መዘዝኩ። ቡና በወተት! ዘይቱ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነጣ ብሏል። ጥበቃውን "ውሃ ገብቶባታል እንዴ?" ስለው "ያው የክረምት ዝናብ ነው፣ ሸራው ያፈሳል" አለኝ። አመንኩት ማለት አይቻልም። ይልቅ ደስ አለኝ። ሌላው ተጫራች ይህን ዘይት አይቶ ይሸሻል፣ እኔ ደግሞ ውሃ የጠጣ ሞተር ምኔ ነው ብዬ። 210 ሺህ ብር ጻፍኩና አሸነፍኩ። ዘንድሮ ሳስበው ከእኔ ሌላ የጻፈ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

በአይሱዙ ጭነን ዓባይ ማዶ ወደሚገኝ ጋራዥ ወሰድናት። የጋራዡን ሽማግሌ ሁሉም "ጋሼ" ነው የሚላቸው። የሞተሩን ነገር ባጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም እንዳሰብኩት ነው የሆነው። ሞተሪኖውን፣ ማስነሻውን፣ አልነካነውም። ውሃ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ላይ ውሃ እያለ በሞተሪኖ ለማስነሳት ከሞከርክ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል። ካንዴላዎቹን ፈታን፣ ሲሊንደሮቹን በናፍጣ ሞላን፣ ሦስት ቀን ተውነው፣ ከዚያ በእጅ አዞርነው። ዞረ! ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አወረድን፣ ካርቡሬተሩን አጠብን። የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዘይት ደፋነው፤ እነሱም ውሃ ጠጥተዋል። ቺንጋና ጓርኒሲዮን ከጣሊያን በሰው አስመጣሁ። በጥር መጨረሻ ተነሳች። ድምጿን ስሰማ እንባዬ መጣ፣ አላፍርም። ሁሉም ነገር 65 ሺህ ብር ፈጀ።

"ጋሼ፣ አላልኩዎትም?" አልኳቸው።

ጋሼ ዝም አሉ። ካቻቢቴ አንስተው መኪናዋ ጎን ተንበረከኩ። ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄድ ባዶ የላሜራ ሣጥን አለ። በካቻቢቴው እጀታ ከፊት ጀምረው መታ መታ እያደረጉ መጡ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በሩ መሐል ሲደርሱ ድምፁ ተለወጠ። ዱብ፣ ዱብ። እንደ ሞላ ጆንያ። ካቻቢቴውን ገለበጡና በጫፉ ገፋ አደረጉት። እስከ እጀታው ገባ። ሲያወጡት ጫፉ ላይ ጥቁር አፈር አለ።

"ልጄ፣ ይኼ ዝናብ አይደለም" አሉኝ።

ላሜራውን ቆርጠን ከፈትነው። ከላይ ቀለም፣ ከሥሩ ቀዳዳ የሚደፈንበት ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር እንደ ወረቀት የሳሳ ዝገት። ውስጡ የደረቀ ጭቃ ሞልቶታል፤ ፎገራ እርሻ ላይ እንደምታዩት ተሰነጣጥቋል። ጭቃው ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። ክር ክር የሚል፣ ላባ የመሰለ ጥቁር ሥር፣ ከላዩ እንደ ሽንኩርት ያበጠ ግንድ። በአውራ ጣቴ ስጫነው ስፖንጅ ነው። እምቦጭ! ጣና ላይ በየቀኑ ከፕሮፔለር የምፈታው እምቦጭ፣ የስፖርት መኪና ሆድ ውስጥ።

ጥበቃው ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ እጠብ ያሉትን ያጠበ ሰው ነው። አሁን ግን ነገረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው አለ። "ለመስቀል የገባ ውሃ ለጥቅምት ሚካኤል ነው የወጣው።"

ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ ሲበረታ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ የዘነበው ተጠራቅሞ መስከረም ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ አደይ ሲፈነዳ ነው ሐይቁ ጫፍ የሚደርሰው። ጉማራና ርብ ሞልተው ሲመጡ ሐይቁም ሞልቶ ይጠብቃቸዋል፣ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል። ቁመቱ ጉልበት ላይደርስ ይችላል። ግን አይሄድም። ሞተሩ ከፍ ያለ ቦታ ስላለ ትንሽ ነው የጠጣው። የበሩ ግርጌ ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ሰጥሞ ነበር። ውሃው ሲወጣ ጭቃው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ደፈናቸው፣ ከዚያ እርጥቡ ጭቃ ዓመታት ሙሉ ከውስጥ በላው።

ጣሪያ የሌላት መኪና ደግሞ ጥንካሬዋ እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው። ጋሼ ከመሐል በክሪክ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። በሩ አልዘጋም አለ። ክፍተቱ ከላይ ሰፋ። መኪናዋ መሐል ላይ እየታጠፈች ነው ማለት ነው። ይህን ለማየት ክሪክና አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ስቱኮውን ለማወቅ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይበቃ ነበር፤ ስቱኮ ማግኔት አይዝም። የወንበሩን ብሎን ባየው፣ የበሩን ልባስ ላላ ባደርገው፣ ምንጣፉን ባነሳው ሁሉም ይነግረኝ ነበር። እኔ ሁለቱን ቀን ኮፈን ሥር ጨረስኩት።

ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስለሷ አነባለሁ። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ በጎርፍ ተበላሽቷል ብሎ የከፈለበት መኪና የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ምልክት ይደረግበታል። እዚያም አጭበርባሪ አይጠፋም፤ ሌላ ስቴት ወስደው አዲስ ወረቀት ያወጡለትና ምልክቱ ይጠፋል። ወረቀቱን ማጠብ ይሉታል። የኔ ሊብሬ ላይ የሻሲ ቁጥር አለ፣ የሞተር ቁጥር አለ። ጣና ገብቶባት ነበር የሚል መስመር የለም። የሚታጠብም የለ። ደግሞ ይህቺ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ቱሪን ላይ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1966 ነው። አርኖ ወንዝ ሞልቶ ፍሎረንስን ያጥለቀለቃት በዚያው ወር ነው። ባለቤቴን ቀስቅሼ ስነግራት "ዕጣ ፈንታዋ ነዋ፣ ተኛ" አለችኝ።

እስካሁን ለላሜራው ብቻ 160 ሺህ ብር ወጥቷል። የግራው ጎን አልቋል፣ የቀኙ ገና ነው። ወለሉንም አላነሳሁላችሁም። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌም ይሁን ዋጋ አለው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በሮቿ ወልቀው እንጨት ላይ ተቀምጣለች። እሑድ እሑድ ሞተሯን አስነሳታለሁ፣ የሰፈሩ ልጆች ይመጡና ተራ በተራ መሪ ይይዛሉ።

እምቦጩን ጣልኩት ብዬ ነበር። ባለቤቴ ለካ አጥባ፣ አድርቃ፣ የስኳር ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ ስለ አንድ አሮጌ መርሴዲስ የወጣ የጨረታ ማስታወቂያ ሳነብ አየችኝ። ምንም አልተናገረችም። ብልቃጡን አምጥታ ቡናዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝና ወጣች።