የጀልባዬን ሆድ ሬንጅ ስቀባ የተማርኩት

የምኖረው እንግሊዝ ውስጥ፣ ግራንድ ዩኒየን ካናል በሚባል ሰው ሠራሽ የጀልባ ቦይ ላይ፣ ረጅምና ቀጭን የብረት ጀልባ ውስጥ ነው። የዚህ ዓይነት ጀልባ ወርዱ 2.1 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በድሮዎቹ ጠባብ ሎኮች፣ ማለትም ውሃው ከፍና ዝቅ እየተደረገ ጀልባ በሚያልፍባቸው ባለ በር ገንዳዎች ልክ የተሠራ ነው። በሬንጅ የተቀባ ከሆነ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከውሃ ወጥቶ እንደገና መቀባት አለበት።

ዶኩ፣ ማለትም ውሃው ወጥቶ ጀልባ የሚጠገንበት ገንዳ፣ የሚከፈለው በቀን ነው። ስለዚህ ውሃው ፈስሶ ጀልባው ግንዶቹ ላይ እንዳረፈ፣ አረንጓዴው አተላ ሳይደርቅ በግፊት ውሃ አጠብኩት። ከደረቀ በኋላ ፍቆ ማንሳቱ ጉልበት ይጨርሳል።

ብዙ ሰው የሚፈራው የታችኛውን ላሜራ ነው። የኔን ጀልባ ዝገት ክፉኛ የበላው ግን ውሃና አየር የሚገናኙበት መስመር ላይ ነበር። እዚያ ኦክስጅን ይበዛል፤ ከሎክ ግድግዳ ጋር ሲፋተግም ቀለሙ የሚላጠው እዚያው ነው። ከሩቅ ደህና የሚመስለውን ቀለም በመፋቂያ ጫፍ ነካ ሳደርገው እብጠቱ ፈነዳና ጥቁር ውሃ ወጣ። ከሥሩ የምስር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ተገኘች። እንዲህ ያለውን ሁሉ በብረት ብሩሽና በግራይንደር እስኪያብረቀርቅ ፋቅሁ። ባለሙያው የላሜራውን ውፍረት በድምፅ ሞገድ ሲለካ፣ ሲሠራ 6 ሚሊሜትር የነበረው ጎን በጣም የሳሳው ቦታ ላይ 5.1 ሆኖ ተገኘ። ብዙ ኢንሹራንሶች ከ4 ሚሊሜትር በታች ሲሆን ስለሚያስቸግሩ፣ ብየዳ ሳያስፈልገኝ በመቅረቱ ተንፈስ አልኩ።

ኢፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ቀለም ከሬንጅ ይልቅ ብዙ ዓመት ይቆያል። ነገር ግን በአሮጌ ሬንጅ ላይ አይያዝም፤ መጀመሪያ ብረቱ በአሸዋ ዓይነት ፍንጣቂ ተመትቶ ራቁቱን መቅረት አለበት፤ ያ ደግሞ ኪስ ይጎዳል። እኔ ሬንጁን መረጥኩ፤ በየጊዜው ማውጣቱ ጎኑን ለማየት ሰበብ ይሆነኛል።

ቀለም መቀባቱ ከሁሉም ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው የእንግሊዝ ማለዳ ነው፤ ብረቱ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያልበዋል፣ ላቡ ላይ የተቀባ ደግሞ ይላጣል። መዳፌን አስነክቼ እርጥበት ከተሰማኝ ሻይ እየጠጣሁ ፀሐይ እጠብቅ ነበር። በውሃው መስመር ላይ ከሌላው ቦታ አንድ ዙር ጨምሬ ደረብኩ።

ከጎኑ የተበየዱት የማግኒዚየም ቁራጮች ግን በፍጹም አይቀቡም። ሥራቸው በብረቱ ፋንታ መበላት ነው፤ ከተቀቡ ሥራቸውን ያቆማሉ። ለካናል ውሃ ማግኒዚየም፣ ለባሕር ዚንክ ነው የሚሆነው። እነሱም ብቻቸውን አይበቁም። ጀልባው ከዳር መብራት ሲወስድ፣ የመሬት ሽቦው የኔን ብረት ከጎረቤቶቼ ብረት ጋር ያገናኘዋል፤ ያኔ ውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ትልቅ ባትሪ ይሆንና አንዱ የሌላውን ይበላል። ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባለው ዕቃ በዚያ ሽቦ የሚያልፈውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይዘጋል፤ የመሬት ሽቦው ሰው ከአደጋ የሚጠብቅበትን ሥራ ግን አይነካም። ወደ ውሃ ከመመለሴ በፊት ገጠምኩት። በቅርቡ ከጎኔ የቆመው ጀልባ ባለቤት ማግኒዚየሙ ባንድ ዓመት ማለቁን ሲነግረኝ፣ የጠየቅሁት ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ መብራት ገመዱ ነበር።