ከዓባይ መውጫ ዳር፦ የደንገል ባለሙያዎቹ ባልና ሚስት

ዓባይ ከጣና በሚለይበት አካባቢ፣ ወደ ደብረ ማርያም ገዳም በሚያሻግረው ዳርቻ፣ ደንገል (ፓፒረስ) የሚባለው ረጅም የውኃ ዳር ተክል የሚያኖራቸው ባልና ሚስት አሉ። በጣና ዙሪያ ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። እሱ ታንኳ ይሠራል፣ እሷ ስፌት ትሰፋለች። ወደዚህ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ገዳሙን ተሳልሞ፣ ጉማሬ ከታየም አይቶ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። እኔ የመጣሁት ሥራቸውን ለማየት ስለሆነ እዚያው ዋልኩ።

የቤቱ ሥራ የሚጀምረው በማለዳ ነው፤ ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣል። ባልየው በአሮጌዋ ታንኳ ደንገሉ ውስጥ ይገባና በማጭድ ከግርጌው ያጭዳል። ሥሩን አይነቅልም፤ ሥሩ ጭቃው ውስጥ ከቀረ ደንገሉ መልሶ ያቆጠቁጣል። የሚመርጠው ቁመቱ ከሰው እጥፍ የሆነውን፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀውን ነው። ጫፉ ላይ ያለውን ጎፈሬ እዚያው ቆርጦ ይጥለዋል። ለታንኳ አይረባም፤ ተሸክሞ መመለስም ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው ማድረቅ ነው። ታንኳን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው አስተሳሰሩ ይመስለኝ ነበር፤ ትልቁ ነገር ግን የማድረቁ ሥራ ነው። ደንገሉ በስሱ ተዘርግቶ፣ እየተገላበጠ ቀናት ፀሐይ ይመታዋል። ተከምሮ ከዋለ መሐሉ ይሻግታል። እርጥቡ ከታሰረ ታንኳው ገና ውኃ ሳይነካ ከባድ ነው፤ በኋላም እየደረቀ ሲሄድ ይሸበሸብና ማሰሪያው ይላላል። ከመጠን በላይ የደረቀው ደግሞ ሲታጠፍ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ደንገል የሚንሳፈፈው ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር ስለያዘ ነው፤ ውኃ እንዳይገባበት የሚጠብቀው ይኸው ስስ ቅርፊት ብቻ ነው። ባልየው አንድ ዘንግ አንሥቶ በሁለት እጁ ጎንበስ ያደርገዋል። ውኃ ካንጠባጠበ ይመልሰዋል፣ ቀጭ ካለ ለማገዶ ይጥለዋል፤ ዝም ብሎ ከታጠፈ ወደሚታሰረው ክምር ይጨምረዋል።

ለማሰር መጀመሪያ ገመዶቹን መሬት ላይ በአግድም ይዘረጋል፣ ደንገሉን በላያቸው ይደረድራል። ቀጭኑ ጫፍ ወደ ፊት፣ ወፍራሙ ግርጌ ወደ ኋላ ይሆናል። አንዱ ዘንግ ብቻውን ለታንኳው ርዝመት ስለማይበቃ እያፈራረቀ ያስገባል፤ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ከዋሉ ታንኳው ከዚያ ላይ ይሰበራል። ጉልበቱን ክምሩ ላይ ተክሎ ገመዱን እስኪጮህ ድረስ ይስባል። ቀጥሎ ሁለተኛውን እስር ከላይ ይጭናል፤ ቀዛፊውም ዕቃውም የሚያርፉት በዚህኛው ላይ ነው። አፍንጫው በገመድ ተስቦ ወደ ላይ ይቀናል። ይህ ለማማር ብቻ አይደለም፤ ማዕበሉን ይቆርጣል፣ የደንገሉንም ጫፍ ከውኃ ያርቃል። ደንገሉ ተዘጋጅቶ ካደረ አንድ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሳል።

ማሰሪያው የዛፍ ልጥ ነው። አጠገቡ የናይለን ገመድ ተጠቅልሎ ስላየሁ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ለምን አያስሩትም?» አልኩት።

«ናይለን ይቆርጠዋል እንጂ አይይዘውም፤ ልጥ ሲርስ ያብጥና ይነክሳል» አለኝ። ናይለኑ ታንኳዋን ከዳር ለማሰር ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ሊሻገር ሲነሣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር፤ የሠሩለት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ያቺ ጀልባ ከኋላዋ በኩል ውኃ እየጠጣች ሄዳ ከመድረሷ በፊት ተተወች። በ1970 የተሠራችው ሁለተኛዋ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። የጣና ታንኳ ሠሪ ስለ ኋላ ክፍል ለምን እንደሚጨነቅ ከዚህ ይገባል፤ የቀዛፊው ክብደት ወደ ኋላ ያመዝናል፣ የተቆረጠው ግርጌም እዚያ ስለሆነ ውኃ ቶሎ ይጠጣል።

ስለዚህ ታንኳ ውኃ ላይ አያድርም። ከሥራ ሲመለስ ጎትተው ያወጡትና አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገው ዛፍ ላይ ያስደግፉታል፤ የጠጣው ውኃ በኋላ በኩል ይንጠባጠባል። ድንጋይ ላይ መጎተት ቅርፊቱን ይገፍፈዋል፣ ለዚህም ማውጫው ላይ ያረጀ ደንገል ተነጥፏል። እንዲህ ተይዞም ዕድሜው አጭር ነው። በየቀኑ የሚሠራበት ታንኳ በወራት ውስጥ ከብዶ ይሰምጣል፣ በሌላ ይተካል። እንጨት ጭኖ የሚመላለሰው ዓሣ ከሚያጠምደው ቀድሞ ያልቃል።

ሚስቲቱ የምትሠራው ጥላው ሥር ነው። ለታንኳ ያጠረውን ደንገል ትወስድና ሦስት ማዕዘን የሆነውን ዘንግ በጠርዙ በቢላ ትሰነጥቀዋለች። ነጩ ለስላሳ ውስጡ ይወጣል፣ ቅርፊቱ እንደ ጥብጣብ ይቀራል። እንቅብ ስትሰፋ ሣር እንደ ገመድ ይዛ ቅርፊቱን ትጠቀልልበታለች፤ እያዞረች በወስፌ እየወጋች ካለፈው ዙር ጋር ታያይዘዋለች። ቅርፊቱ ከመሰፋቱ በፊት ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ደረቁን የወጋች እንደሆነ ከወስፌው ቀዳዳ ጀምሮ ይተረተራል። በውስጥ የሚገባው ሣር ግን ደረቅ መሆን አለበት፣ እርጥቡ ሲደርቅ ይቀጥንና ስፌቱ ይላላል። እጅ አንዱን ዙር አጥብቆ ሌላውን ካላላ እንቅቡ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ የሚስተካከለውም ተፈትቶ ብቻ ነው። ባልየው ከእሷ ክምር ወፍራም ዘንግ ሲመዝዝ፣ «ያንን ተወው እንጂ፤ ታንኳህ እንደሆን አይጠግብ!» አለችው። መልሶ አስቀመጠው።

ከእንቅቡ ጎን ክንድ የማታህል ታንኳም ትሠራለች፤ ይህን ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱ ጎብኚዎች ይገዙታል። ትልቁ ታንኳ የሚሸጠው ሰው ሲያዝ ብቻ ስለሆነ፣ የዕለት ወጪውን የሚሸፍነው የእሷ እጅ ነው። ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

የሚያሳስባቸው ደንገሉ ራሱ ነው። የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ ደንገሉ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ከብት ይገባበታል፣ ቀጥሎም ይታረሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ውኃው በጣም በወረደ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። በከተማው በኩል ሕንፃው ዳርቻውን ይዞታል፤ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረምም መጥቷል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ዋናው ጥያቄ በታንኳ ደርሰው የሚያጭዱት ደንገል በቅርብ መኖሩ ነው። በራቀ ቁጥር የማለዳው ሰዓት በመቅዘፍ ያልቃል፣ እርጥብ ደንገል ጭኖ የሚመለሰው አሮጌ ታንኳም ቶሎ ይሰምጣል። የታንኳ ዋጋ ሲጨምር የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ታንኳ ማዘዝ የሚፈልግ ሰው ከጥቅምት በኋላ ባለው በጋ ይዘዝ፤ በክረምት ደንገሉ በወጉ አይደርቅም፣ ጥሩ ሠሪም እርጥብ አስሮ ስሙን አያጠፋም። ሲረከብ ከኋላ በኩል ያለውን እስር በእጁ ይጫነው። ጣት የሚያስገባ ከሆነ እንደገና ይሰርልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።