ነፋሱ ዝም አላለም

አያቴ የደምቢያ ሰው ነበረች። ስትደነግጥም ስትምልም አፏ ላይ የሚቀድመው «የገሊላው ዘካርያስ!» ነው። ጣና ሐይቅ ላይ ያለችውን ገሊላን ግን አንድም ቀን ረግጣት አታውቅም። ደምቢያ ተወልዳ፣ ጎንደር ተድራ፣ ጎንደር ተቀበረች። እኔም ያው ነኝ። ፈረንጁ ባሕር አቋርጦ የሚመጣበትን ሐይቅ፣ አፍንጫችን ሥር እያለ፣ «ለጥምቀት ማግስት»፣ «ለፋሲካ ማግስት» እያልኩ ኖርኩ። አራዳ ላይ ሱቅ ያለው ሰው መቼም ጊዜ የለውም።

2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን ቆርጬ ተነሳሁ። ጓደኞቼን ጠየቅሁ፤ አንዱ ሥራ አለብኝ አለ፣ ሌላው ውኃ እፈራለሁ አለ። ብቻዬን ሄድኩ። ለነገሩ ገዳም ብቻ ሲሄዱ ነው የሚያምረው፤ ወሬ አይኖርም።

ለማያውቃት፣ ገሊላ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ክፍል ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ገዳሟን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ዘካርያስ ናቸው፤ «ሰባቱ ከዋክብት» ከሚባሉት የጣና አባቶች አንዱ። እነ ክብራንና ዘጌ ለባሕር ዳር ቅርብ ስለሆኑ እንግዳ አያጡም። የሰሜኖቹ ግን ጭር ያሉ ናቸው። መንገዳቸው በእኛ በኩል፣ በጎርጎራ ነው። ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ኅዳር ላይ ያ ሜዳ ሽምብራ በሽምብራ ነው፤ ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር እሸት የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል። እኔ ምራቄን እየዋጥኩ አለፍኩ፤ ጾመ ነቢያት ገብቷል።

ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሜ፣ ባለሞተር ጀልባ ተከራይቼ ተሻገርኩ።

ስለ ደሴቷ ብዙ አልልም። ዛፍ፣ ወፍ፣ ዝምታ። ደወላቸው ድንጋይ ነው፤ በድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። አንድ አረጋዊ አባት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዳቤና ንፍሮ አቀረቡልኝ። «ከየት ነህ ልጄ?» አሉኝ። «ከጎንደር ነኝ አባታችን» አልኳቸው። «ውይ፣ ከሩቅ!» አሉ። ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። የአያቴን የክርስትና ስም ነገርኳቸውና በጸሎት እንዲያስቧት ለመንኩ። እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሊወስደኝ የነበረው ጀልባ ከሰዓት መጣ። የጣናን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጠዋት ሐይቁ ዝርግ ነው፤ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። አባም ሰማዩን አዩና «ብታድሩ ምናለ?» አሉ። ልጁ ግን፣ ጀልባ ነጂው ማለቴ ነው፣ «ኧረ እንደርሳለን አባ፣ ምንም አይል!» አለ። ተሳፈርን።

ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ልጁ ገመዱን ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። ክዳኑን ከፈተ። ካንዴላውን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ እፍ አለበት፣ መልሶ አሰረው። ሳበ። ምንም። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው እኔ የነቃሁት። ማዕበሉ በጎን መምታት ጀመረ። ጀልባዋ ውስጥ ውኃ ገባ። የተቆረጠ ጀሪካን አንስቼ መቅዳት ያዝኩ፤ የምቀዳው የሚገባውን አያህልም። መቅዘፊያው አንድ ብቻ ነበር። ልጁ በእሱ ቢታገልም ነፋሱ እንደፈለገ ይወስደናል። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም።

እኔ ዋና አልችልም። ልጁ ይችላል። ግን ላይፍ ጃኬቷን አውልቆ «ጋሼ፣ እርስዎ ይልበሱት» አለኝ። አንድ ናት። ይህን ውለታ እስክሞት አልረሳውም።

ያን ጊዜ ጮክ ብዬ ጸለይኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ ጌታ በጀልባው ሳለ ነፋሱን የገሠጸበት ቃል ነው፤ «ዝም በል፣ ፀጥ በል»። «ጌታ ሆይ፣ ያን ጊዜ እንዳደረግኸው ይህንን ነፋስ ዝም አሰኝልኝ» አልኩ። «አባቴ ዘካርያስ፣ አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠርታሃለች፤ ለእሷ ስትል አውጣኝ፣ ጃንጥላ አገባልሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ልጁም በእንተ ማርያም ይላል፣ ገመዱን ይስባል።

ነፋሱ ዝም አላለም። እንዲያውም ባሰበት።

እውነቱን ለመናገር፣ ምስክርነት ስሰማ ሁሌ «ወዲያው ፀጥ አለ» የሚለውን ቦታ ነው የምጠብቀው። የእኔ እንደዚያ አይደለም። ጀንበሯ ጠለቀች፣ ጨለመ፣ ነፋሱ ያፏጫል። ስንት ሰዓት እንደተንሳፈፍን አላውቅም። ብርዱ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ከዚያ ድንገት ጀልባዋ ለስለስ ያለ ነገር ውስጥ ገባችና ቆመች። ከታች «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እጄን ሰደድኩ፤ ቅጠል ነው። ወፍራም፣ ውኃ የጠገበ፣ ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ የሚሰረጉድ አገዳ ያለው።

«እምቦጭ ነው!» አለ ልጁ። ካንጀቱ ነው የተሳደበው፤ ሞተር የሚያንቀው፣ መረብ የሚበጣጥሰው፣ እንጀራውን የዘጋበት አረም ነው። ትንሽ ቆየና ግን «ጋሼ፣ ማዕበሉ የታለ?» አለኝ።

የለም። ነፋሱ ከላያችን ያፏጫል፣ ከኋላችን ሐይቁ ያገሳል፣ እኛ ያለንበት ግን ውኃው አይንቀሳቀስም። አረሙ እጅ ለእጅ ተያይዞ ማዕበሉን ተኝቶበታል። ያን ሌሊት በሙሉ ያዘን። ውኃውን ቀድተን ጨረስን። ትንኙ በላን፣ ብርዱ ገረፈን፣ አልሰጠምንም።

ሲነጋ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ሆነው በረጅም ዘንግ እየገፉ መጡ። አንደኛው አየንና «በስመ አብ!» ብሎ አማተበ። ሌላው ተጫዋች ነው፤ «እኛ ቀረሶ ዓሣው ጠፋ ስንል እምቦጭ ሰው ማጥመድ ጀመረ?» አለ። ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ዳር ሲያደርሱን የመገጭ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት ብዙም አንርቅም ነበር። አንዲት እናት ትኩስ ሻይ ሰጡን። የጠጣሁት ሻይ ሁሉ ተረስቶኝ ያ አይረሳኝም።

ልጁ በኋላ ነገሩን በሙያው አስረዳኝ። የከሰዓቱ ነፋስ ወደ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ስለሚገፋ እምቦጩም እኛም ወደ አንድ ቦታ መሄዳችን አይቀርም ነበር አለ። ልክ ነው። ክረምት ሲወጣ አረሙ የደምቢያን ዳርቻ የሚያለብሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ታዲያ ይሄ ጸሎቴን የሚያፈርሰው የሚመስለው ሰው ካለ አልከራከረውም። እኔ ነፋሱ እንዲቆም ለመንኩ፤ እሱ በነፋሱ አደረሰኝ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይገርመኛል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ባዕድ አረም ነው፤ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ግድም ነው። የሚወፍረው ወንዞች በሚያመጡለት ደለል፣ ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። መገጭ ደግሞ የማን ወንዝ ነው? የእኛው። የጥምቀታችን ቀሃም አንገረብም ወደ እሱ ነው የሚገቡት። የልብስ ሳሙናችን፣ የሱቃችን እጣቢ፣ ሁሉም ወርዶ ጣና ይገባል። ማን ያውቃል፣ ያን ሌሊት የያዘኝ አረም እኔው ባፈሰስኩት እጣቢ የወፈረ ሊሆን ይችላል።

በ2013 ጥቅምት የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ሲጠራ ከጎንደር ከወጡት አንዱ ነበርኩ። ጓደኞቼ «ውለታ ቢስ!» እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ። ሐይቁን እየገደለው ነው፤ አንድ ሌሊት እኔን ስላዳነ አልተወውም። ጭቃው እስከ ጭኔ ድረስ ነበር፤ ሐምራዊ አበባው ግን ያምራል፣ እሱን አልክድም።

ጃንጥላውን ከዚያ በፊት አስገብቻለሁ። ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ቀይ። ያንኑ ልጅ ፈልጌ በእሱው ጀልባ ተሻገርኩ፤ በዚህ ጊዜ ጎህ ሲቀድ። አባ ጃንጥላውን ተቀብለው፣ ዘርግተው አዩት፣ መረቁን። ልጁ ሞተሩን ቀይሯል፣ መቅዘፊያ ሁለት ይዟል፣ ላይፍ ጃኬትም ለሁሉም ተሳፋሪ አለው። ዋጋም ጨምሯል፤ ሳልከራከር ከፈልኩ።